የላውረል ኮቭን የመቃብር በር ስለከፈተልኝ ሠራተኛ

ኖቬምበር 13 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ለብሔራዊ ፓርኩ የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ
ቴነሲ

ጉዳዩ፦ በአቶ ዶይል ሄንስሊ ላይ የሰጠሁትን የሐሰት ቃል ስለማንሣት

እኔ አመልካች ወይዘሮ ዜልማ ክሪስማን ለመርማሪዎ በስልክ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። በዚሁ ቃል የተነሣ ሊሰናበት የተቃረበው የበር ጠባቂያችሁ ዶይል ሄንስሊ በሥራው እንዲቆይ ከዚህ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

1. ላውረል ኮቭ ፓርክ ከመሆኑ በፊት የቤተሰቦቻችን መንደር ነበር። መንግሥት መሬቱን ሲወስድ መቃብራችን ከአጥሩ ውስጥ ቀረ። በየዓመቱ በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ፓርኩ በሩን ከፍቶ ያስገባናል፤ እኛም ሣሩን ነቅለን፣ አፈሩን ከፍ አድርገን፣ የወረቀት አበባ አኑረን፣ እዚያው ምሳችንን እንበላለን። በእኛ ዘንድ ሣር የበቀለበት መቃብር ሰው የሌለው መቃብር ነው።

2. ዘንድሮ ዋሽንግተን ያሉት ሹማምንት በመንግሥት በጀት ሳይስማሙ ቀሩና የመንግሥት ሥራ ቆሞ ፓርኩም ተዘጋ። ዶይልም ቤቱ እንዲውል ታዘዘ።

3. እሑዱ ሲደርስ ሌሎቹ ቤተሰቦች ቀሩ። እኔ ግን መጥረጊያዬንና አበባዬን ይዤ ዶይል ቤት ሄድኩ። ውሻውን እያጠበ አገኘሁት። «እትዬ ዜልማ፣ በነጻም ቢሆን መሥራት በሕግ ተከልክያለሁ። ጌቶቻችን እስኪታረቁ ቁልፍ ከነካሁ እባረራለሁ» አለኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

«እነሱ ቢኳረፉ ሆበርት ምን አጠፋ?» አልኩት። ሆበርት እዚያ የተቀበረው ባለቤቴ ነው።

ዶይል ሳቀ። «ከእርስዎ ጋር ከመከራከር የዋሽንግተኖቹን ማስታረቅ ይቀለኛል» ብሎ ተነሣ። በሩን ከፈተልኝ፤ በገዛ መኪናው አደረሰኝ። ወገቤን ይዤ ቆም ስል አይቶም መጥረጊያውን ተቀበለኝ።

4. ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በምስጋናው ሰዓት ቆሜ ስሙን ጠርቼ አመሰገንኩት። በሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም፤ ያን ዕለት ደስታዬ አናገረኝ። ወሬው ከዚያ ወጥቶ ቢሮዎ ደረሰ።

5. ፓርኩ እንደተከፈተ መርማሪዎ ደወለልኝ። ዶይል የሆነውን አንዳች ሳይደብቅ ነግሮት ነበር። እኔን «እሜቴ፣ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር ወይ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። ዶይልን ላድን ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን የተዘጋ ፓርክ በመግባቴ እከሰሳለሁ ብዬ ለራሴ ፈራሁ። በእኔ ቃል መነሻነት፣ ዶይል በሩን ሳይቆልፍ ትቶ ሄዶ ኖሯል፣ ያንን ለመሸፈንም «ለባልቴት ከፈትኩ» ብሎ ዋሽቷል ተባለ።

6. ዶይል ትናንት መጥቶ የላላውን የበረንዳዬን ደረጃ ጠገነልኝ። «እንግዲህ ሥራ ልፈታ ነው፤ እትዬ ዜልማ ያልጠገንኩት ካለ ያሳዩኝ» ብሎ ቀለደ። በአንድ ቃል እንኳ አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

7. ሆበርት በታመመ ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። ሐኪሞቹ የመድኃኒቱ አሰጣጥ የተጻፈበትን ወረቀት ሰጥተውኝ «ገባሽ?» ሲሉኝ ባለማወቄ አፍሬ «አዎ» አልኩ፤ መድኃኒቱንም በግምት ሰጠሁት። ፊደል የቆጠርኩት ከቀብሩ በኋላ፣ ለብቻዬ ነው። ያንን «አዎ» መመለስ አልቻልኩም። ይህኛው ግን ገና አልመሸበትም።

ስለዚህ የዶይል ጉዳይ ሰኞ ከመታየቱ በፊት የስልክ ቃሌ እንዲሰረዝ፣ በሩ ተቆልፎ እንደነበረና ለምኜ ያስከፈትኩት እኔ እንደሆንኩ እንዲታወቅለት፣ በመግባቴ የሚመጣ ቅጣት ካለም በእኔ ላይ እንዲሆን እለምናለሁ። ሰኞ ብጠራ መጥቼ ይህንኑ በፊቱ እናገራለሁ።

ይህን ማመልከቻ የጻፈልኝ የለም፤ ያነበበልኝም የለም። ምን እንዳልኩ አውቄ ፈርሜያለሁ።

አንገቴን ደፍቼ ከማቀርበው ሰላምታ ጋር

ዜልማ ክሪስማን
(ፊርማ)