ዳገት ላይ የሚጮኸው ሞተር

ሰኞ፣ የካቲት 3
የሁለት ቀሚስ ጠርዝ ዘምዝሜ ወደ እማዬ ወጣሁ። ዳገቱን ስጀምር የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ ጮኸ። ቋ… ቋ… ቋ… ከሞተሩ በኩል። ሜዳ ላይ ዝም፣ ዳገት ላይ ቋ። ልብ አላልኩትም። እንደየዕለቱ ሾርባዋን አሙቄ፣ መድኃኒቷን አስውጬ ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ባሰበት። ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ጎማውን ከመሬት አንስቶ አሽከረከረው። ጭጭ! "ከጮኸ ሞተሩ ነው። ይቀየራል። እስኪመጣ ሁለት ወር ጠብቂ" አለኝ።

ሁለት ወር? የግራ ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ወዲህ ያን ዳገት በእግሬ አልሞክረውም። አውቶቡስ እዚያ አይወጣም። እህቴ ስትሰማ ቆርጣ ተነሳች። "እሁድ ካርቶን ይዤ እመጣለሁ። እማዬ እኔ ጋ ትገባለች።" እማዬ ከቤቴ አልወጣም ብላ ስንቴ አለቀሰች? ጓሮዋን ሳታይ የእህቴ ፎቅ ላይ ልትውል…
እስከ እሁድ የሚጮኸውን አገኘዋለሁ። አገኘዋለሁ አልኩ!

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ሰንሰለቱን ጠርጌ ዘይት ቀባሁ። ቋ። መቀመጫውን አጠበቅኩ። ቋ። ፔዳሎቹን ፈትቼ መልሼ አሰርኩ። ቋ፣ ቋ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።
እህቴ ደወለች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችኝ። "ሞኟስ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ ማነው?" ስላት ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
የስፌት መኪናዬ ስትጮህ ባዶዋን አላስሮጣትም። ጨርቅ አስገብቼ ነው የማዳምጣት። ታዲያ ብስክሌቱን ለምን አቁሜ እፈትሸዋለሁ? ዳገቱ ላይ ወጥቼ ጆሮዬን ጣልኩ። ቀኝ እግሬ ሲወርድ ቋ። ግራዬ ሲወርድ ዝም። ሁልጊዜ!
ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። "በመስኮት አይሽ የለ? ብስክሌት ላይ ሆነሽም ታነክሻለሽ።"
ሰው እንዴት ብስክሌት ላይ ሆኖ ያነክሳል? ተናደድኩ። ስወርድ ግን… እውነቷን ነው። ሐኪሙ ድነሻል ካለኝ ቆይቷል፣ እኔ ግን በግራዬ አልረግጥም። ሥራው ሁሉ በቀኙ ነው። እፈራለሁ። በቃ፣ እፈራለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 7
የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ። በቀኝ በኩል ሞተሩን የሚይዘው ቡሎን በጣቴ ዞረ! ስንት ወር በአንድ ወገን ስደበድበው ላልቷል። ሞተሩ ደህና ነው፣ የሚጮኸው ማሰሪያው ነው። ልኩን ጠብቆ የሚያስረውን መፍቻ ልዋስ ጠጋኙ ዘንድ ሮጥኩ።
"ሞተሩን ልትፈቺው ነው እንዴ?"
"ኧረ ላስረው ነው!"
ራሱ መፍቻውን ይዞ ተከተለኝ። የቀሩትንም ቡሎኖች አብረን አጠበቅን። "በአንድ እግርሽ ከቀጠልሽ ተመልሶ ይላላል" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ግራ። ግራ። ግራ። ዳገቱ መሃል ፈራሁ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ግራ… አመመኝ? አላመመኝም።

እሁድ፣ የካቲት 9
እህቴ ካርቶኖቹን ጭና መጣች። "ድምፁ ጠፍቷል" አልኳት። "ቅደሚ፣ ከኋላሽ እነዳለሁ" አለች። ቀደምኩ። በሁለቱም እግሬ፣ እስከ እማዬ ደጅ።
እህቴ ከመኪናው አልወርድ አለች። መስኮቱን ባንኳኳ እያለቀሰች ነው።
"ለእማዬ ብዬ መሰለሽ? በዚያ እግርሽ ዳገቱ ላይ ትወድቂያለሽ እያልኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።"
"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"
"ትሰሚኝ ነበር?"
አልሰማትም ነበር። አቀፍኳት። እማዬ ከውስጥ "ምን ሆናችሁ? ግቡ እንጂ!" ትላለች። ተያይዘን ገባን። ካርቶኖቹ ከመኪናው አልወረዱም።