ይግባኝ ለአዲሱ መፈለጊያ

ጥቅምት 3

ዛሬ ምንም የለም። ሁለት መነጽር ገጠምኩ፣ አንድ ሰበርኩ። አለቃዬ አላየኝም… ወይስ አይቶ ዝም አለ?

ከሱቃችን ፊት ለፊት ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀሉ። ሰማያዊ ላይ በነጭ፣ «የተደበቀም አያመልጠኝም። በቅርብ ቀን!» ይላል። አዲስ የኢንተርኔት መፈለጊያ ነው አሉ። ሁላችንም ስንጠይቀው የኖርነውን፣ ያንን አንዱን፣ ከዙፋኑ ሊያወርደው። አለቃዬ ከደስታው ብዛት ሻይ ጋበዘኝ። የድሮው ላይ «መነጽር ቤት» ብሎ በጻፈ ቁጥር የሚመጣበት ማዶ ያለው ተቀናቃኙ ነው፤ እስከ ዛሬ ሲያንገበግበው ኖሯል። «አሁን ፍርድ መጣ!» ይላል እጁን እያፋተገ።

ማታ እማዬና አክስቴ በቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። አንዷ ቀንሽው፣ አንዷ ጨምሪው። መንታ ናቸው፣ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ አንድ ቤት ይኖራሉ። ሌላ ወሬ የለም።

ጥቅምት 9

ዛሬ ቴክኒሻኑ እናቱን ይዞ መጣ። ቴክኒሻኑ ማለት ላገባው እሺ ያልኩት ሰውዬ፣ ስልክ ጠጋኙ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እማዬ ደብተር ታገላብጣለች።

ሁሉ ነገር አምሮ ነበር። ሴትዮዋ ሳቂታ። እማዬን አዩ፣ አክስቴን አዩ፣ «ውይ፣ ቁርጥ አንድ! ለመሆኑ ታላቋ ማን ናት?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም። በአንድ ጊዜ!

ከዚያ ዞረው ተያዩ። ምን እንደሆነ ገባኝ… ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዷም ሌላዋን አልጠየቀችም። ሁለቱም በየልባቸው ታላቅ ሆነው ኖረዋል።

ቀድማ የተወለደችው እማዬ ናት። በዚህስ ማንም አይከራከርም፣ አያቴ አፏ እስኪደክም ተናግራዋለች። አክስቴ ግን፣ «እንዴ! በር ሲንኳኳ ተነስቶ የሚሮጠው ማነው? ታናሽ ነው። ታላቅ ተረጋግቶ ኋላ ይወጣል።»

«እኔ ውጪ ብርድ ላይ ስጠብቅሽ አንቺ እዛ ሞቆሽ ተኝተሽ ነበር!» አለች እማዬ።

«ልኬሽ ነዋ!»

ዝም ብንል ያልፍ ነበር። ቴክኒሻኑ ማን ግባ እንዳለው እንጃ፣ ስልኩን አውጥቶ የድሮውን መፈለጊያ ጠየቀው። «ቀድሞ የተወለደው ታላቅ ነው ይላል» አለ ፈገግ ብሎ። ምላሱን ልቆርጥለት ምንም አልቀረኝም።

አክስቴ ተነሳች። ዕድሜዋን ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ ስትቆጣ የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው የሚቀናት። «ይሄ የድሮው ነው። ብቻውን ነግሦ ስለኖረ ያሻውን ይናገራል፣ ማን ጠይቆት! ተፎካካሪ ሲመጣበት እናያለን። ይግባኝ ብያለሁ! አዲሱ ይምጣና ይፍረድ። እሱም እንዲሁ ካለ ሻንጣዬን ይዤ ልጄ ጋ ነው የምሄደው። በዚህ ዕድሜዬ ታናሽ ተብዬ እዚህ ቤት አላድርም።»

የቴክኒሻኑ እናት ሳቃቸውን በስኒው ሸፍነው ተሰናበቱ።

ጥቅምት 10

አይነጋገሩም። እስከ ስንት ቀን? ነገ ይታረቃሉ።

ጥቅምት 14

አልታረቁም።

ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ድስቱ እያረረ ነው።»

«የት ነሽ አንቺ?»

«ቤት።»

«እሷስ?»

«አጠገቤ ተቀምጣለች።»

በሱቁ ስልክ ለእማዬ ደወልኩ። ሲጮህ በአክስቴ ስልክ በኩል ተሰማኝ። «እማዬ፣ ድስቱ አርሯል።» «እሺ፣ ለነገረሽ ሰው አመሰግናለሁ በይልኝ።» ደንበኛው መነጽሩን ይዞ አፍጥጦ ያየኛል።

ሳቅኩ፤ በኋላ ግን ፈራሁ። የእማዬ አፍንጫ ካለፈው ጉንፋን ወዲህ ሞቷል፣ ጋዝ ቢያፈስ እንኳ አታውቅም። አክስቴ ደግሞ ዓይኗ… ያንን ወፍራም መነጽር የሠራሁላት እኔ ነኝ፣ ልኩን አውቀዋለሁ። የመድኃኒቷን ጽሑፍ እማዬ ናት የምታነብላት። አንዷ ታሸታለች፣ አንዷ ታያለች። ማግባቱን እሺ ያልኩት እኮ እነዚህ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ ብዬ ነው። የቴክኒሻኑ ቤት ከተማው ጫፍ ነው።

አክስቴ ከሄደች አላገባም። እማዬን ብቻዋን ትቼ የትም አልሄድም። ለቴክኒሻኑ እንዴት ልንገረው?

ጥቅምት 20

ነገርኩት። «እና የኛ ሠርግ የአንድ መፈለጊያ ጥገኛ ሆነ?» አለ። ሆነ።

ማስታወቂያው ላይ «በቅርብ ቀን» የሚለውን ፍቀው «ኅዳር 1» ብለዋል። አክስቴ በየቀኑ ከአውቶቡስ ወርዳ ታየዋለች። ያን የሚያህል ፊደል ለሷም አይጠፋም። የድሮውን መጠቀም ትታለች፣ «ከሱ ጋር ክስ ላይ ነኝ» ብላ። ትናንት ፋርማሲው ክፍት መሆኑን ለማወቅ በእግሯ ሄደች። ዝግ ነበር።

እማዬ ደግሞ ስልኳን ታቅፋ ትውላለች። አክስቴ እንድትሰማ ጮክ ብላ፣ «የኔ ጌታ፣ ነገ ይዘንባል እንዴ? … እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተ መቼም ዋሽተህ አታውቅም።»

ኅዳር 1

ተራዘመ። «ለተሻለ አገልግሎት» ይላል ወረቀቱ። አለቃዬ አኮረፈ። አክስቴ ግን ደስ ብሏታል። «በደንብ እያጠና ነው» አለች።

ኅዳር 4

የአክስቴ ልጅ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በናትሽ፣ እናቴ እንድታሸንፍ አድርጊልኝ። ሁለት ክፍል ናት ያለችኝ። እወዳታለሁ… ግን ሁለት ክፍል ናት።»

እኔ ማን ነኝና? ለመፈለጊያው ጉቦ ልስጥ?

ኅዳር 6

ጉቦ ሰጠን፣ በሌላ መንገድ። ቴክኒሻኑ አንድ ገጽ ሠርቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ «መንትዮች እኩል ናቸው፤ ታላቅም ታናሽም የላቸውም።» አዲሱ ገና ጀማሪ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ያነባል አለ ቴክኒሻኑ። ግርማ እንዲኖረው ብሎ ከላይ የሕፃናት ሥዕል አደረገበት። አንደኛው ሕፃን ሲታይ ግን ከሌላው ይበልጣል። እንዲቀይረው ነገርኩት።

ውሸት ነው እንዴ? አይመስለኝም። እውነትም እኩል ናቸው፣ በግትርነት።

ኅዳር 11

የጥያቄው አጻጻፍ ላይ ድርድር። እኔ መሃል፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ስመላለስ ዋልኩ። እማዬ «ቀድሞ የተወለደው ታላቅ አይደለም ወይ?» ይባል ትላለች። አክስቴ «ይሄ መልሱን የሚያስይዝ ጥያቄ ነው፣ እቃወማለሁ!» እሷ ደግሞ «ታናሹን ልኮ በክብር የወጣው ማን ይባላል?» እንዲባል ትፈልጋለች። በመጨረሻ «ከመንታ ልጆች ታላቁ የትኛው ነው?» ላይ ተስማሙ። ነጥብ የለ፣ ጭማሪ የለ። ቴክኒሻኑ ይጽፋል፣ ሁለቱም ይመለከታሉ።

ኅዳር 15

ተለቀቀ!

ጠዋት ሱቅ ስገባ አለቃዬ ከኮምፒውተሩ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ። «ሁለተኛ ገጽ ላይ ነን» አለ ቀስ ብሎ። ማዶ ያለው እዚህም አንደኛ ነው። ያ ሁሉ ሻይ በከንቱ።

ቤት ስደርስ ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ግራና ቀኝ። ቴክኒሻኑ መሃል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት። ጻፈ። ስልኩ ላይ ያቺ ክብ ብቻ ትሽከረከራለች።

«አገር ሁሉ እየጠየቀው ነው» አለ።

«እኔን ማስቀደም አለበት፣ ይግባኝ ባይ ነኝ» አለች አክስቴ። እማዬን አላየቻትም።

መጣ።

«አንብበው እንጂ» አለች እማዬ።

«ከመንታ ልጆች መካከል… ቀድሞ የተወለደው ታላቅ ይባላል።»

«ድገመው» አክስቴ። ደገመው። ስልኩን ተቀበለችው፣ መነጽሯ ላይ ለጥፋ ራሷ አነበበች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «ይግባኝ ብያለሁ፣ ተፈርዷል። ቃሌ ቃል ነው።» ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ቴክኒሻኑ የኛን ገጽ እስከ ታች ድረስ ፈለገው። የለም። የተደበቀም አያመልጠኝም ያለውን እኛ አመለጥነው።

እማዬን አየኋት። የአሸናፊ ፊት አይደለም። ከውስጥ የሻንጣ ዚፕ ተሰማ። ሠርጌ ሲዘጋ የሰማሁ መሰለኝ፣ እንባዬ መጣ። ምን አስለቀሰኝ፣ ሠርጉ ነው ወይስ እነሱ? ሁለቱም።

እማዬ ተነስታ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። የቴክኒሻኑ እናት ከመጡበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አታይም? እየሄድኩ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ምን አልሽ?»

«ማን ፈቀደልሽ ነው ያልኩሽ! ታላቅሽ ነኝ። የድሮውም ፈርዷል፣ አዲሱም ፈርዷል። ታናሽ ታላቋን ሳታስፈቅድ የት ትሄዳለች? አልፈቀድኩም። ሻንጣውን ፍቺ!»

ቴክኒሻኑ እጄን ያዘኝ። ከዚያ ዚፑ እንደገና፣ አሁን በቀስታ።

«…እሺ፣ እትዬ» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ተሰባብሯል። እማዬም በሩን እንደያዘች ቆመች።

«ድስቱ እያረረ ነው» አለች አክስቴ ከውስጥ። ለሷው፣ በቀጥታ። እውነቷንም ነበር።

የአረረውን በላን። አራታችንም።

ኅዳር 18

አክስቴ ፍርዱን እያስፈጸመች ነው፣ ቃል በቃል። «እትዬ፣ ደህና አደሩ? ምን ልታዘዝ?» ስልሳ ሰባት ዓመት «አንቺ» ሲባባሉ ኖረው ዛሬ «እርስዎ»! እማዬ የመጀመሪያው ቀን ሳቀች። ሁለተኛው ቀን ፈገግ አለች። ዛሬ «ተይ እንጂ» አለች። «ምን ላድርግ፣ ታላቄ ነዎት» አለች አክስቴ፣ እግሯን ሶፋው ላይ እየሰቀለች።

የሠርጉን ቀን ቆረጥን።

የካቲት 2

ከአዲሱ ቤቴ። ደብተሬን የሚያገላብጥ የለም፣ ቴክኒሻኑ የሚያነበው የስልክ ስክሪን ብቻ ነው። የኛን ገጽ አሁንም ይፈልጋል። አላገኘውም።

እማዬ ከሥራ ስገባ ደወለች። በሹክሹክታ። ሽንት ቤት በር ቆልፌ ነው አለች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ሰለቸኝ ልጄ፣ ሰለቸኝ! ጓዳ አይጥ ገባ፣ ‹ታላቅ እያሉ ታናሽ አይደፍርም› ብላ ወንበር ላይ ወጣች። እኔ ነኝ በመጥረጊያ ያሳደድኩት። የሕንጻው ነዋሪ ስለ ውኃው ተሰበሰበ፣ ‹እትዬ ይናገሩልን› ብላ አስነሳችኝ። ምን እንደምል ሳላውቅ! ራት ምን ይሁን ስላት ‹እርስዎ ያውቃሉ›። ትልቁን ሥጋ ደግሞ ‹ለታናሽ ነው የሚሰጠው› ብላ አነሳችው። ይኼን ሁሉ ዓመት ታላቅነት ስትመኝ የኖረች ሴትዮ፣ ታናሽነት እንዲህ ይመቻታል ብሎ ማን ገመተ?»

አፌን ይዤ ሳቅኩ። ሰማችኝ መሰለኝ፣ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

«ስሚ እስቲ… ባልሽ ያውቅ ይሆናል። ሌላ አዲስ የሚመጣ የለም? ሦስተኛ?»

«ምን ልትጠይቂው?»

«ይግባኝ ልል ነዋ።»

ልመልስላት ስል የአክስቴ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፦ «እትዬ! ጋዙ ሸተተኝ፣ መጥተው ይዝጉት!»

«ይኸው! አሁንም እኔ!» አለች እማዬ። ከዚያ ጮክ ብላ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ! አንቺ ደግሞ መድኃኒትሽን አምጪው፣ ላንብብልሽ!» ስልኩን ሳትዘጋው ሄደች። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ። ጋዙ ሲዘጋ ሰማሁ።

ቴክኒሻኑን ጠየቅኩት። ሦስተኛ ይመጣል የሚል ወሬ አለ አለኝ። ለእማዬ ጻፍኩላት፦ «በቅርብ ቀን።»