ክንፍ የሌላት

የካቲት 14 ቀን፣ ማክሰኞ

ለልጄ እናት፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽ እንደሚያምሽ ልጃችን በስልክ ነግራኛለች። እኔ አንድ ዓይኔ ከድቶኛል፣ ሁለተኛውም እያመነታ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ዛሬ ምን ነካው እንደምትዪ አውቃለሁ። አትደንግጪ፣ ሰው አልሞተም።

ያቺን ከአሸዋማው ሜዳ ያመጣሻትን፣ ጉንዳን የምትመስል ክንፍ የሌላት ተርብ ታስታውሻለሽ? ክንፍ ካለው ሌላ ተርብ ጋር በአንድ ጠርሙስ ነበር ያመጣሻት። እኔ በመልክ አይገናኙም ብዬ ሁለት አዲስ ዝርያ አደረግኳቸው፤ ሁለት ስም አወጣሁ፣ በሁለት መሳቢያ አስቀመጥኳቸው። በሙዚየሙ ስብሰባ ላይ ተነስተሽ «ወንድና ሴት ናቸው፤ ሲገናኙ ነው የያዝኳቸው» ስትዪ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሚስቴ ጉንዳን ለተርብ ልትድር ነው!» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ከስፒሏ ሥር ባለችው የስም ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ» ብለሽ ማልሽ። መሳቢያው ሲከፈት ግን የጻፍሽው የለም። አንቺም ራስሽን መጠርጠር ጀመርሽ፤ በዚያው ወር ሥራሽንም ቤትሽንም ጥለሽ ሄድሽ።

ጽፈሽው ነበር። «ከወንዱ ጋር ስትገናኝ የተያዘች» ይል ነበር፣ በዚያ በደቃቅ ጽሕፈትሽ። እንደምትናገሪ ስላወቅኩ በዋዜማው በመቀስ ቆርጬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። አንድ ከሆኑ አንዱ ስም ይሰረዛል፣ የክፍሉ ኃላፊነትም ያመልጠኛል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት እኔን ለተካችው ኃላፊ ሁሉንም ነገርኳት። መሳቢያውን ከፈትን። ሴቷን ብል በልቷታል፤ ስፒሉና የተቆረጠው ወረቀት ብቻ ቀርተዋል። ሜዳው ላይ ፋብሪካ ቆሟል፣ ሌላ አይገኝም። ኃላፊዋ እጄን ይዛ፣ «ጋሼ፣ ባለቤትዎን ለመካስ ብለው ነው፣ ይገባኛል። ግን በቃል ብቻ ዝርያ አይሰረዝም» አለችኝ። ለመንኳት፤ ጮህኩባትም። ስዋሽ ሁሉም አመነኝ፣ እውነቱን ስናገር የሚሰማኝ አጣሁ።

ስለዚህ ላንቺ ጻፍኩ። አልተሳሳትሽም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔን ደግሞ ምን ብለሽ ታምኚኛለሽ? አፌን ሞልቼ ይቅር በዪኝ ማለትም አልችልም።

ወንዱ ደህና ነው፣ ክንፉ እንኳ አልተነካም። ትናንት ከሴቷ ባዶ ስፒል አጠገብ ሰካሁት። ኃላፊዋ አይታ፣ «ነገ ወደ ቦታው ይመልሱት» አለችኝ። ዛሬ መለስኩት።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ደጅሽን የሚያንኳኳ ደግ ሰው አያሳጣሽ።

የልጅሽ አባት