እናትህን ያልጫነች መኪና

ውድ ኤርሚዬ፣

ከተለየኸኝ አሥር ወር ከሃያ ቀን ሆነ። ዛሬ ሰፈራችን አይቮሪ ፓርክ ውርጭ ወርዶበት አደረ፤ የሱቃችን ቆርቆሮ ጨው የነሰነሱበት መስሏል። ሩሐማን ትምህርት ቤት አድርሼ ተመልሻለሁ። አሁን መኪናዋን ከአጥሩ ጥግ አቁሜ፣ ማሞቂያዋን እንደከፈትኩ፣ ደብተር ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፍልህ። ቆማ ቤንዚን ታቃጥላለች። ብትኖር ይሄኔ ጮኸህብኝ ነበር፤ በልና ተቆጣኝ።

ፓስተራችን ቢሰማ ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም፣ ይልቅ ጸልዪ ይለኛል። ጸልያለሁ። ግን ይህን ነገር እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ያላወቅከው አንተ ነህ።

ዙሪያውን አልዞርም። ባለፈው ሰኔ ይህችን መኪና ስንመርጥ እናትህ እማማ ወርቄ በሕይወት አልነበሩም። እኔ አውቅ ነበር፣ አንተ አታውቅም ነበር። ሳልነግርህ ሄድክ። ይባስ ብሎ እናቴን አልወደደችልኝም ብለህ እንደተቀየምከኝ ሄድክ። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

አስቀድሜ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ መቼም ወሬ ትወዳለህ። መንዳት ተምሬአለሁ። አዎ፣ እኔ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሹፌሩ ሳይሆን እኔ ፍሬን የምረግጠው ሴትዮ። ያስተማሩኝ ጋሽ ሉቃስ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፤ እሑድ ከሰዓት እዚያው ግቢ ውስጥ። የመጀመሪያ ቀን የቆሻሻ በርሜሉን ገጭቼ ስጥለው ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁና ጸለዩ። ሱቁ ክፍት ነው። ደንበኞቹ እስካሁን ስለ አንተ ባባ የት ሄደ ይሉኛል። ከማዶ የሚኖሩት ጎጎ፣ እኚያ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ አማርኛ ያስተማርካቸው አሮጊት፣ ዛሬም በሱቁ ፍርግርግ በኩል በቋንቋቸው ሳውቦና ብለው እንደገና እንዴት አደርሽ ይሉኛል። ሩሐማ ስድስት ዓመት ሞላት፤ አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። እንግሊዝኛዋ ከእኔ በልጧል፤ እያረመችኝ አስቸግራኛለች።

አሮጌዋ መኪናችን ትዝ ትልህ ይሆን? በገዛናት ዓመት የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ የፊት መስታወቷ ነጭ ሆኖ አደረ። ሆሳዕና ያደገ ሰው መስታወት ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚደረግ ከየት ያውቃል? ውሃ አፍልተህ ጀበና ሙሉ ደፋህበት። ጧ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። አንተ ጀበናውን እንደያዝክ ቆመህ፣ መስታወቱ ድሮም ደካማ ነበር አልክ። ሳቄን ይዤ ቤት ገባሁ። ያን ክረምት በፕላስተር አጣብቀን ነዳናት፤ ማሞቂያ አልነበራትም፣ ብርዱ በስንጥቁ ይገባ ነበር፣ ልጅቷም ስትስል ከረመች። በኋላ አንድ ቀን ከጀፕ የጅምላ ገበያ ዕቃ ጭነን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች፣ አልነሣም አለች። ከዚያ ወዲያ ሩሐማን አቅፌ በካርቶን መካከል እየተጨናነቅን በታክሲ መመላለስ ሆነ።

ከዚያ ልብህ ታመመ፤ ለሐምሌ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተያዘልህ። እማማ ወርቄ ሲሰሙ፣ ልጄን ቢላዋ ሳይነካው ዓይኑን ልየው አሉ። ወንድምህ የጉዞ ወረቀታቸውን ማስጨረስ ጀመረ። አንተም ያኔ ነው መኪና መኪና ማለት የጀመርከው። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም እንጂ አጥንት ይሰረስራል፣ የእማዬ ጉልበት አይችለውም፣ ከአውሮፕላን ወርዳ ታክሲ ተራ ልትቆም ነው እንዴ ትለኝ ነበር። እኔም ልክ ነህ ብዬ ነበር፤ ያኔ እሳቸው በሕይወት ነበሩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አንተ ለምርመራ ሆስፒታል በሄድክበት ቀን፣ ጋሽ ሉቃስ ሁለት ሰዎች አስከትለው ሱቅ ገቡ። ምንም አልገዙም። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። የእኔን ቤት መርዶ ያመጡ መሰለኝ። ያንተ ነበር። እማማ ወርቄ በተኙበት አርፈዋል፣ ተቀብረዋልም አሉኝ። ኤርሚያስ ልቡ ታሟል፣ በዚህ ጊዜ አይረዳም፤ ኦፕራሲዮኑን ይጨርስና በማለዳ ተሰብስበን በወጉ እናረዳዋለን፣ እስከዚያ አደራ አሉ። እሺ አልኩ። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ለብቻውም አይነገርም። ከወጡ በኋላ ከበቆሎ ዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። ደንበኛ ፍርግርጉን ሲያንኳኳ ፊቴን አብሼ ስኳር ሸጥኩ።

ማታ ዓይንሽ ምን ሆነ ብለህ ጠየቅከኝ። ሽንኩርት ነው አልኩህ። ያን ቀን ቤታችን ሽንኩርት አልተከተፈም፣ ዳቦ በሻይ ነበር የበላነው። ጥቁር መልበስ አልቻልኩም፤ ብለብስ ታውቅብኛለህ። ወንድምህ እናታችን ለጉልበቷ ፍል ውሃ ወርዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ሲልህ ደስ አለህ። ጉልበቷን አበርትታ ትምጣ አልክ።

ከዚያ መኪና መፈለጉ መጣ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከከተማው ደቡብ ያገለገለ መኪና የሚሸጥባቸውን ግቢዎች ዞርን። ሰው መኪና ሲገዛ ኮፈን ያስከፍታል፣ ጎማ ይረግጣል። አንተ በቀጥታ ወደ ኋላ ወንበር ነበር የምትገባው። ወገብህን እንደ እናትህ ጎበጥ አድርገህ ትቀመጣለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ሻጩን ማሞቂያውን ክፈትልኝ ትልና ሙቀቱ እግርህ ድረስ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። አይደርስም፣ ለእማዬ አይሆንም ብለህ ትወርዳለህ። የመሳፈሪያውን መርገጫ ከመሬት በስንዝርህ ትለካለህ። ሻጮቹ ግራ ይገባቸው ነበር። እኔ ውጭ ብርዱ ላይ ቆሜ፣ ለሞተች እናትህ እግር ሙቀት ስትፈልግ አይሃለሁ።

አልቻልኩም። ባኪ፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን የጭነት መኪና፣ እንግዛ ያልኩህ ለዚያ ነው። ለዕቃ ይመቸናል፣ ዱቄቱንም ዘይቱንም ይጭናል አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ምክንያቴ እሱ አልነበረም። ነገ መርዶውን ሲሰማ ለእናቱ የገዛትን መኪና በር በከፈተ ቁጥር ልቡ ይሰበራል ብዬ ነው። አንተ ግን እናቴን ከጆንያ ጋር ክፍቱ ላይ ልትጭኛት ነው ወይ ብለህ ትክ ብለህ አየኸኝ። በሁለተኛው ቅዳሜም ደገምኩት፤ ግትርነቴን ታውቀዋለህ። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጥክ። ሦስት ቀን አላናገርከኝም። በአራተኛው ቀን፣ የገዛ እናትሽ ብትሆን ኖሮ ብለህ ጀመርክና ተውከው። መልስ ነበረኝ ኤርሚዬ። አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ይህችን ግራጫ መኪና አገኘህ። ሦስት ረድፍ ወንበር፣ ዝቅ ያለ መርገጫ፣ ለኋለኛው ወንበር የራሱ ማሞቂያ። ከውስጥ በባዶ እግርህ ተቀምጠህ ፈገግ ስትል እሺ አልኩ። የተሸነፍኩ መሰለህ። በመንገድ ላይ በመረብ የታሰረ ብርቱካን ገዛህልኝና፣ ግዴለም፣ ስታዪያት ትወጃታለሽ አልከኝ። በአካል አይቻቸው አላውቅም፤ ግን በየእሑዱ በስልክ የመረቁኝ፣ ሩሐማን ስወልድ እንዴት እንደማጥባት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እወዳቸው ነበር፤ ያንን እንኳ ልነግርህ አልቻልኩም። አፌን ብከፍት ሁሉም ይወጣ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ልብህ እምቢ አለች።

አስከሬንህ አገር ገባ። እኔ አልሸኘሁህም፤ ይህ የጥገኝነት ወረቀቴ ካስወጣኝ አይመልሰኝም፣ ልጅቷን ደግሞ ለማን እተዋለሁ። ወንድምህ ከቀብር በኋላ ደውሎ፣ ጎን ለጎን ናቸው፣ የእናቴ መቃብር ሣር እንኳ አላበቀለም አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለካ እኔ የደበቅኩህን አፈሩ አረዳህ። ወግ ወግ ስንል የሁላችን ወግ ይኸው ሆነ።

ከዚህ ተማርሽ ትለኝ ይሆናል። አልተማርኩም። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ሩሐማ አባቢ የት ነው ስትለኝ፣ እማማ ወርቄን ሊያመጣ ሄዷል አልኳት። እንዴት እንደቀለለኝ ብታይ! ጋሽ ሉቃስም ልጅ ነች፣ ከፍ ስትል ትረዳዋለች አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእማማን ወንበር ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። የዘይት ካርቶን ካስቀመጥኩበት አንሥታ መሬት ታወርደዋለች። በላያችን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። እኔም አሥር ወር ሙሉ አብሬአት ቀና አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከኋላ ሆና፣ አባቢ የማይመጣው አንቺ ባኪ ይገዛ ስላልሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። ከኋላዬ ታክሲዎቹ ጥሩምባ እየነፉ ይሰድቡኛል። ለካ ያኔ ስንጣላ ትሰማን ነበር። አምስት ዓመቷ ነበርና ማን ልብ አላት? አንተን ያባረርኩህ እኔ እንደሆንኩ አድርጋ ይዛው ከርማለች። አይደለም የኔ እናት አልኳትና ትምህርት ቤት አደረስኳት።

ለጋሽ ሉቃስ ደውዬ ልነግራት ነው አልኳቸው። ቅዳሜ ሴቶቹ ይሰብሰቡ፣ እኛም እንምጣ፣ ለብቻሽ አታድርጊው አሉኝ። በክፉ አይደለም፣ ታውቃቸዋለህ፣ ሰው ወዳድ ናቸው። እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ግን አንድ ጊዜ ታዝዤ ያየሁት ይበቃኛል አልኳቸው። እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ አሉኝ።

ዛሬ ማለዳ መኪናዋን አሙቄ፣ ሹፌር ወንበር ላይ መቀመጡን ትቼ ከኋላ ገባሁና አጠገቤ አስቀመጥኳት። በአጭሩ ነገርኳት። መጀመሪያ እማማ ወርቄ ሞቱ፣ ከዚያ አባቢ ሞተ፣ ሁለቱም አይመጡም፣ በማንም ተቆጥተው አይደለም አልኳት። የእማማን ቀድሜ ሰምቼ አባቢን እንደደበቅኩትም ነገርኳት። ቦርሳዋን እንዳዘለች ወደ መስታወቱ ታያለች። ስለ አንተ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ እማማ ስትሰሚ ማን አብሮሽ አለቀሰ አለችኝ። ከእኔ ጋር ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጣለች፤ ሰው ብቻውን እንደማያለቅስ ታውቃለች። ማንም አልኳት።

ጭኔ ላይ ወጣች። ከዚያ አይታቸው የማታውቃቸውን ሴት እማማ ወርቄ እያለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ልክ እንደ ትልልቆቹ ሴቶች አለቀሰችልኝ። ቀጥላ ያንተን ስም ጠራች። ሁለታችንም አለቀስን። ትምህርት ቤት አርፍደን ደረስን፤ አስተማሪዋም የሁለታችንን ዓይን አይታ እጇን ይዛ አስገባቻት።

አልረሳህም። ከዛሬ ወዲያ ስለ አንተ የምትጠይቀኝን ሁሉ እነግራታለሁ፤ የማላውቀውንም አላውቅም እላታለሁ እንጂ አልፈጥርላትም። ወረቀቴ የተቃና ቀን እጇን ይዤ ሁለታችሁ ጎን ለጎን ካላችሁበት አደርሳታለሁ። እስከዚያው እዚህ እንጠራሃለን።

አሁን ወጉን ላድርስ። ሽማግሌ አላስከተልኩም፣ ማለዳውም አልፏል፣ ብቻዬን ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ኤርሚዬ፣ እናትህ እማማ ወርቄ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በእንቅልፋቸው፣ ሳይሠቃዩ አርፈዋል።

እግዚአብሔር ያጽናህ።

ምህረት