የገንዳው በር አይዘጋም

እሑድ፣ ጥቅምት 2

አውቶቡሱ ዘገየ። ረያን፣ ሥራ ቦታዬ፣ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ከዚያ ቀጥታ ስብሰባ።

ሰዒዳ ሪሴፕሽን ለምሠራበት የቪላ ግቢ ነዋሪዎች የላክሁትን ኢሜይል በትልቁ ስክሪን አሳየች። "ነገ ውሃ ይቋረጣል" ለማለት በእንግሊዝኛ "ነገ ውሃው ይሞታል" ብያለሁ። ሁሉም ሳቁ። የጽዳት ኃላፊው እንባው እስኪመጣ። እኔም አብሬ ሳቅኩ... ለምን ሳቅኩ?

አለቃዬ ናት፤ እንግሊዝኛዋ ይንቆረቆራል፤ እሺ። ግን ለብቻዬ ጠርታ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? "ከነገ ጀምሮ ግራመር በሚያርም አፕ ሳታሳልፊ አንድ መስመር እንዳትልኪ" አለችኝ፣ በሰው ፊት። ሪሴፕሽን ላይ ስንቱን የተቆጣ ነዋሪ በአረብኛ አብርጄ ስመልስ ማን ስክሪን ላይ አሳየው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አፕ መረጣ። የመጀመሪያው "ነጻ ነኝ" ይላል፣ ቀይ ያሰምራል፣ ከዚያ ስህተቱን ለማየት ክፈይ። ታመሻል ብሎ በሽታውን የሚደብቅ ሐኪም! ሁለተኛው ፊደልና ግሥ ብቻ ነው የሚያየው፤ አስምሮበት ዝም። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እንደገና ይጽፈዋል። "ተቀበል" የምትለዋን መንካት ብቻ።

ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ክፍል የምንጋራው ከብርክቲ ጋር ነው፤ ሞል ውስጥ ሽቶ ትሸጣለች። እሷ ሁለተኛውን ውሰጂ አለች። ቢያንስ የተናገርሽውን አይቀይርብሽም አለች። አንቺ መች በሰው ፊት ተሳቀብሽ አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛውን መረጥኩ። ሰዒዳ የጻፈችው ይመስላል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሰዒዳ "በጣም ጥሩ" ብላ መለሰችልኝ። ከኢሜይሉ ውስጥ የእኔ የሆነው ስሜ ብቻ ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ... ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከሰዓት ዘነቡ ወደ ዴስኩ መጣች። እዚሁ ግቢ አንዱ ቪላ ውስጥ የምትሠራ፣ የአሠሪዎቿን ትንሽ ልጅ የምትጠብቅ። ስንተላለፍ ሰላም እንባባላለን እንጂ ቆማ አውርታኝ አታውቅም። "ረዲዬ፣ የገንዳው በር አይዘጋም። ይሄ ልጅ ደግሞ ውሃ ካየ አይያዝም" አለችኝ። ለማዳምም፣ ለአሠሪዋ፣ ነግራታለች። ማዳም ለሪሴፕሽን ንገሪ አለቻት።

ሄጄ አየሁት። መቀርቀሪያው ተሰብሯል። በአንድ ጣት ይከፈታል።

ለጥገናው ኃላፊ ጻፍኩ፦ በሩ አይዘጋም፤ ልጅ ይገባል፤ ዛሬ ኑ። አፑ ውስጥ አስገባሁት። ስልኩ እየጮኸ ነበር፣ አንድ ነዋሪ ፊቴ ቆሟል... "ተቀበል" ነካሁና ላክሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ስለ በሩ መልስ የለም። ነገ እደውላለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ልጁ ገንዳ ገባ።

ተርፏል። መጀመሪያ ይሄን ልጻፍ። ተርፏል።

ዘነቡ የማዳምን ዕቃ ከመኪና እያወረደች ነበር፤ ማዳም ናት ጠርታ ያዘዘቻት። ዞር ስትል ልጁ የለም። በሩ ክፍት። ዋና አታውቅም፣ ግን ከነልብሷ ገባች። እኔ ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ውሃው አገጯ ድረስ ነው፤ ልጁን ከራሷ በላይ ይዛዋለች። ተቀበልኳት። አልተነፈሰም... ከዚያ አስመለሰውና አለቀሰ። እንደዚያ ለቅሶ ጥሩ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አምቡላንስ ወሰደው።

ማዳም ዘነቡ ላይ ጮኸችባት፣ ሰው ሁሉ እያየ። ዘነቡ ውሃ እየተንጠባጠበች ቆማለች። ፎጣ የሰጣት የለም። ሄጄ አመጣሁላት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

በንዴት ነው የምጽፈው።

የጥገናው ኃላፊ ሰዒዳ ቢሮ ተቀምጦ የእኔን ኢሜይል አነበበልኝ። "በገንዳው በር ላይ ትንሽ ችግር ሊኖር ይችላል። ጊዜ ሲመቻችሁ ብታዩልን ደስ ይለናል።" ጊዜ ስላልተመቸን አላየነውም አለ። ከንፈሩ ፈገግ ብሎ።

ትንሽ ችግር? ደስ ይለናል? ልጅ ይገባል ያልኩት የት ሄደ? ዛሬ ኑ ያልኩት?

አፑን ልርገመው? ጣቱ የእኔ ነው። ሳላነብ ነካሁት። ስልክ ብደውልስ ኖሮ... እንዳይሳቅብኝ ብዬ ልጅ ሊሞት ነበር። የጥገናው ኃላፊስ? በሩን በየቀኑ ሲያልፍ አያየውም? ለማየትም ኢሜይል ያስፈልጋል?

ሰዒዳ የአደጋውን ሪፖርት እኔ እንድጽፍ አዘዘች። ሞግዚቷ ልጁን ትታው ሄዳለች የሚል ነው የምትፈልገው። ስለ በሩ ብዙ አታንሺ አለች። ዘነቡን ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጠራት ኤጀንሲ ሊመልሷት ነው። ከዚያ ኸላስ፣ አለቀ፣ አገሯ። የሷ ነገር እንደዚህ ቀላል ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሪፖርቱን ጻፍኩ። በሩ ተሰብሮ ነበር አልኩ። አፑ "ተሰብሮ ሊሆን ይችላል" ይሻላል አለኝ። ጥገና አልመጣም አልኩ። "መዘግየት አጋጥሟል" አለኝ። መጨረሻ ላይ ቃናሽ ቁጡ ነው፣ ይለስልስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ቁጡ ነኝ! አጠፋሁት። ከስልኬም ከኮምፒውተሩም።

ብርክቲ ያለችውን ሁለተኛውን አወረድኩ። ሁለት ቦታ አሰመረልኝ፤ አንዱን አስተካከልኩ፣ አንዱ አልገባኝም፣ ተውኩት። ኢሜይሉን ሳላነብ እንደላክሁም ጻፍኩበት፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። ደብቄ የሌላውን ጥፋት ብቻ ብጽፍ ከነሱ በምን እለያለሁ?

ሰዒዳ መለሰችው። "ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም፤ እኔ አስተካክለዋለሁ" አለች። የምታስተካክለው እንግሊዝኛውን ብቻ ቢሆን...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የልጁ አባት መጣ። ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሰዒዳ ከቢሮ ወጥታ ስለ ሞግዚቶች ጥንቃቄ ማውራት ጀመረች። እሱ ወደ እኔ ዞረ። በሩ ከዚያ ቀን በፊት ተሰብሮ ነበር ወይ አለኝ በአረብኛ።

ሰዒዳ አየችኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በነሱ ስም ነው... ይሄም መጣብኝ።

"ተሰብሮ ነበር" አልኩት። "የነገረችኝም ዘነቡ ናት። እኔ ለጥገና ጻፍኩ፣ ግን አለሳልሼ ጻፍኩ፤ እነሱም አልመጡም። ልጅህን ያወጣችው እሷ ናት። ዋና አታውቅም።"

አረብኛዬ የተሰባበረ ነው። አልሳቀም። "ዋና አታውቅም?" ብሎ ደገመው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ከጸሎት ኅብረት ስመለስ የዘነቡን የድምፅ መልእክት ሰማሁ። ባባ፣ የልጁ አባት፣ "መክተብ የሚባል ነገር የለም፣ እዚሁ ትቆያለች" ብሏል። ማዳም እስካሁን በደንብ አታናግራትም። "ለኔ ብለሽ እንጀራሽን እንዳታጪ" ትለኛለች። ማን ለማን ነው የሚያስበው?

በሩ ተቀይሯል። አዲስ፣ ከባድ፣ ራሱ የሚዘጋ። ለካ ሲፈልጉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው! ስንት ሰው ምስጋና ጻፈ፤ ለጥገናው ኃላፊ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ባለፈው ሳምንት ሰዒዳ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጠችኝ። ጥፋቴ፦ ከነዋሪ ጋር ያለፈቃድ ስለ አደጋ ማውራት። እስከ ሐሙስ የይቅርታ ደብዳቤ ከጻፍኩ ይነሳልኛል አለች። እንዲያውም አፑ በደቂቃ ይጽፍልሻል አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በደቂቃ ይጽፈው ነበር። የሚያምር፣ ለስላሳ፣ አንድም ስህተት የሌለው።

ብርክቲ ጻፊና ተገላገዪ፣ ሹግል፣ ሥራ፣ እኮ ነው አለች። አልኮነንኳትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር።

ኢሜይሉን ሳላነብ በመላኬ ሪፖርቱ ላይ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እውነት በመናገሬ ግን አልጠይቅም።

ሐሙስ አለፈ። ደብዳቤ አልሰጠኋትም። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም... ፈርቻለሁ። ንዴቴም አልበረደም።

ዛሬ ጠዋት ሰዒዳ በዴስኬ በኩል ስታልፍ ቆም አለች። ደብዳቤውስ አለችኝ።

"የለም" አልኳት።

ለምን እንደሌለ አላብራራሁም።