ከአቡጀዲው ጀርባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው... ንግሥተ ሳባን መሆን እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አፈርኩ።

ለዘውድ በዓል ትምህርት ቤታችን ቲያትር ያሳያል። የጻፉት አስተማሪያችን ጋሼ ቀለመወርቅ ናቸው። ንግሥቲቱ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ስትሄድ ነው ታሪኩ። የአምስተኛ ክፍል ሴቶች ስድስት ነን። አምስቱ እጃቸውን አወጡ። እኔ አላወጣሁም። ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል።

ሌላ ነገር የለም። ከትምህርት መልስ ባቄላ ስለቅም ቆየሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

ጋሼ ክፍሉ መሃል አቡጀዲ ሰቀሉ። "መልክ አይቼ እንዳልመርጥ ነው" አሉ። እጅ ያወጣውም ያላወጣውም በየተራ ከጀርባው ቆሞ እንዲያነብ አዘዙ።

እዚያ ጀርባ ማንም አያየኝም... ድምፄ ወጣ። የኔም አልመሰለኝ። ስጨርስ "ንግሥቲቱ ይቺ ናት" አሉ ጋሼ፣ "ማን ናት? ትውጣ።"

ወጣሁ።

መጀመሪያ የሳቀችው ማሬ ናት። "ንግሥቲቱ ከከሰል ጆንያ ነው እንዴ የወጣችው?" ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ግን ስሜን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ትልቅ አድርገው።

ማሬ የእሜቴ አማረች ልጅ ናት። የምንኖረው እሜቴ ግቢ ነው። እናቴ ትፈጭላቸዋለች። አያቴ እዚህ ግቢ የገባችው በልጅነቷ ተሸጣ ነው። ነፃ ናችሁ ሲባሉ መሄጃ አልነበራትም። እኛስ አለን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

እሜቴ ትምህርት ቤት መጡ። ጋሼን ሲያናግሩ ደጅ ቆሜ ሰማሁ።

"ታሪክ አይበላሽ ነው የምለው። ንግሥቲቱ ቀይ ናት። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ግድግዳውን ይዩ።"

"ሰሎሞን የሚሆነው የአያሌው ልጅ ካሣሁን ነው፣ እሜቴ። እሱስ ከኢየሩሳሌም ነው የመጣው?"

"ካሣሁን የሰው ልጅ ነው።"

እኔስ?

አለቃ ፈንታ ተጠሩ። የግድግዳውን ሥዕል የሳሉት እሳቸው ናቸው። "እኔ መምህሬ እንደሳሏት ሳልኋት" አሉ። "መምህሬም አላዩዋት።"

"እንግዲያ ለምን ጥቁር አድርገው አይስሏትም?" አሉ ጋሼ።

"ጥቁሩን ለሰይጣን ለምደነዋል። ሰው ይደነግጣል።"

እሜቴ "ይኸው፣ ሰሙ?" ብለው ተነሡ። የተፈረደላቸው መሰላቸው። እኔ የያዝኩት ግን "አላዩዋት" ያሉትን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ጋሼ መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። "ድምፁ ያንቺ ይሁን፣ መልኩ የማሬ።" እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እናገራለሁ። ማሬ ፊት ቆማ አፏን ታንቀሳቅሳለች።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ስሜ ከሰሌዳው ጠፍቷል።

እናቴም "ድምፅሽ ከተሰማ ምን ጎደለሽ? እሜቴ ቢቆጡ የት እንገባለን?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እውነቷ ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ አልነሣ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

ማሬ አፏን ቀድማኝ ትዘጋለች። እኔ ገና እየተናገርኩ...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

አቡጀዲው ቀዳዳ አለው። አንድ ዓይን ብቻ ያሳልፋል። በዚያ ማሬን እያየሁ ነው የምናገረው።

ዛሬ አለቃ ፈንታ አቡጀዲው ላይ ዘንባባ ሊስሉ መጥተው እዚያ አገኙኝ።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"ንግሥቲቱን እናገራለሁ።"

ቡሩሻቸውን ጠረጉ፣ ጠረጉ... "እኛ ደግ ሰው ስንስል ሁለቱም ዓይኑ ይታያል" አሉ። "አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ አዙረን የምንስለው ይሁዳን ነው፣ ሰይጣንን ነው። አንቺን ማነው በአንድ ዓይን ያስቀረሽ፣ ልጄ?"

ይሁዳ ጌታውን ሸጠ። እኔ ማንን ሸጥኩ? በኛ ቤት የተሸጠችው አያቴ ናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 22

ነገ ነው። እሜቴ ለማሬ የራሳቸውን ካባ አሳጠሩላት።

ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ያሰብኩትን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወፍጮ ያሻከረውን እጇን አየች። "ነይ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ" አለች። ሹሩባውን አጥብቃ እየጎነጎነች፣ "አክስትሽ የምትኖረው አርብ ገበያ ከተማ ነው። ጎጆዋ ጠባብ ናት እንጂ አትመልሰንም። በጧት ከተነሣን ማታ እንገባለን።"

ይህን ከዚህ በፊት ተናግራው አታውቅም። ለራሷም ጭምር ይመስለኛል።

ነገ ማሬ ካባዋን ለብሳ ትቁም። እኔ ከጀርባ አንድ ቃል አልናገርም። አቡጀዲውን ገልጬ እወጣለሁ፤ ወደ ሕዝቡ ፊቴን አዞራለሁ። ምላሴ እንደ ልማዱ ቢተሳሰርብኝ እንኳ አልመለስም፤ እዚያው እቆማለሁ።

በሁለቱም ዓይኔ አያቸዋለሁ። እነሱም ይዩኝ።