እትዬ ዘሃራ ዳግም ያዜሙበት ቀን

ሐሙስ፣ ጥር 14

እሁድ ሸዋ ሮቢት ለምናዘጋጀው የባህል ቀን እትዬ ዘሃራን ልጋብዝ ጠዋት አጣዬ ሄድኩ። በይፋት ሠርግ እንደሳቸው የሚያዜም አልነበረም። ቤታቸው ከተቃጠለ ወዲህ ግን ዘፍነው አያውቁም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ትቼዋለሁ» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ልሄድ ስነሳ «ታዲያ ማን ሊያዜም ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የቀወት ወረዳ ልጃገረዶች ናቸው። ዜማውን የሚያስተምራቸው ግን አጣን።»

ሻርፓቸውን አነሱ። «በል እንሂድ፣ መኪና ሳያመልጠን።»

ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት አዳራሽ ውስጥ ለልጃገረዶቹ ዜማውን አወጡላቸው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲቀበሏቸው እትዬ ዘሃራ ፊታቸውን ሸፍነው ቆሙ። ሁላችንም ጨነቀን። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጎበዞች! ጭብጨባው ግን ዘገየ። ከመጀመሪያው!» አሉ።

እሁድ መድረክ ይውጡ አይውጡ አልነገሩኝም። ለመጠየቅም አልደፈርኩም። እንዲህ ያለ ልብ ግን አይቼ አላውቅም።